«አልከለከልንም፤ ለጊዜው ዞር ይበል ነው ያልነው»

የቀለም አጎት፦
ትናንት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጨ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ላልሰማችሁ ባጭሩ፦ እዚሁ ጎጃም፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ የሥዕል ክበብ ልጆች ለወላጆች በዓል ሥዕላቸውን ሰቀሉ። በዋዜማው አንድ ኃላፊ መጥቶ አየና አምስቱን «ዞር ይበሉ» አለ። ልጆቹም የምር አዞሯቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸው ወደ ሰው። ማታውን በስልክ አንስተው ቴሌግራም ላይ የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። መጀመሪያ የለጠፉት ፎቶ የአንዱን ሥዕል ጀርባ ነው። ካርቶን፣ ሚስማር፣ የኮላ እድፍ። ከዚያ ሥዕሎቹ በየተራ፣ ከየሥራቸው የሠራው ልጅ ድምፅ።
ትናንት አንዲት ወላጅ «ለምን ከለከላችሁ?» ብትል የተሰጣት መልስ፦ «አልከለከልንም፤ ለጊዜው ዞር ይበል ነው ያልነው።»
እስቲ ከልክሎ አለመከልከልን የሚያስረዳኝ ካለ።

የደጀን ሾፌር፦
የላክኸው ሥዕል አልከፈት አለኝ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። እሱም ዞር እያለ ነው መሰል።

ቡሬ ዳሞት፦
ጀመራችሁ ደግሞ። አጎትየው፣ ሥዕሎቹ ምን ምን እንደሆኑ ለምን ዘለልኸው? መጀመሪያ እሱን ንገረንና ከዚያ እናለቅሳለን።

የቀለም አጎት፦
አልዘለልሁም። አንዱ የቡና ረከቦት ነው፣ አንዱ ስኒ ተደፍቷል። አንዱ የተዘጋ ሱቅ። ሁለቱ ብዙም አልተዋጡልኝም፣ ቀለም ብቻ። ነገሩን ያፈነዳው አምስተኛው ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ። ሁላችንም በሱ ተደውሎልን ነው የተማርን። መምቻው ብረት ዝጎ ተንጠልጥሏል። ቸርኬው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። አለቀ።

ቡሬ ዳሞት፦
«አለቀ» ትላለህ? ወፍ ደወል ውስጥ ጎጆ የምትሠራው ደወሉ ሳይመታ ሲከርም ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ውሸት ነው አላልሁም። የእህቴ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ቤት ከርመዋል፣ ለኔ አትንገረኝ። ግን ሥዕሉን ስለሰቀለ የሚጠየቀው ልጁ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ነው። እሱም ልጆች ያሉት ሰው ነው።

የቀለም አጎት፦
ስለዚህ ሥዕሉ እውነት ስለሆነ ነው ዞር ያለ። አመሰግናለሁ፣ ከትናንቱ መልስ ያንተ ይሻላል።

ቡሬ ዳሞት፦
ቃሌን አታጣምም።

የቀለም አጎት፦
ለጊዜው ዞር አድርጌው ነው እንጅ አላጣመምሁም።

አንቀጽ ሃያ ዘጠኝ፦
ወገኖቼ፣ ይህ እኮ የስሜት ጉዳይ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሥነ ጥበብም የመግለጽ መብት አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 3 የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትን በስም ጠርቶ አረጋግጧል፣ ሳንሱርን ከልክሏል። እንዲያውም ከሱ በፊት በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱር ቀርቷል።

ቡሬ ዳሞት፦
ንዑስ 3ን በደንብ አንብበው። የሥነ ጥበብ ነፃነት ተረጋግጧል ይላል፣ እሽ። የሳንሱሩ ክልከላ ግን የተዘረዘረው በፕሬስ ሥር ነው። ንዑስ 6ን ደግሞ ለምን ዘለልኸው? የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊኖር ይችላል ይላል። ስምህ አንቀጽ 29 ነው፣ እስከ መጨረሻው አላነበብኸውም እንዴ?

አንቀጽ ሃያ ዘጠኝ፦
«በሕግ» የሚለውን አስምርበት! የአንድ ኃላፊ ጣት ሕግ አይደለም። እዚያው ንዑስ ላይ ደግሞ ሐሳቡ ሊያስከትል ይችላል ተብሎ በሚፈራው ውጤት ምክንያት ብቻ መገደብ አይቻልም የሚል አለ። ወፏ ምን ታስከትላለች?

የደጀን ሾፌር፦
እኛ ሰፈር ሕግ የሚጠቅስ ሰው መጀመሪያ ጫማውን ያስራል።

የዲማ ተማሪ፦
እኔ የማዝነው በሌላ ነው። ጎጃም ተወልዶ፣ የቅኔዎቹ አገሮች ዋሸራና ጎንጅ አጠገቡ እያሉ፣ ይህ ልጅ ሰሙን ረሳው። ቡሬ ዳሞት ባንድ ጊዜ አይቶ ፈታው እኮ! ሰሙ ወርቁን ካልሸፈነ ምኑ ቅኔ ነው? የኔታ ቢሆኑ «ሂድና አርመህ ና» ይሉት ነበር። ድሮ ሰው ንጉሥን ፊት ለፊት እየሰደበ ይሸለም ነበር፣ በቅኔ።

የቀለም አጎት፦
ልጁ ሥዕል ሠራ እንጅ ጉባኤ ቃና አልተቀኘም። ለመሆኑ ሰው ልጁ ትምህርት ቤት ቀረብኝ ለማለት ሁለት ዓመት ቅኔ መቁጠር አለበት?

የዲማ ተማሪ፦
ሁለት ዓመት የሚበቃው ከመሰለህ ያንተ ጉዳይ ነው።

ሰዓሊ ከሸገር፦
ጎበዝ፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በፈረንጅ 1863 ፓሪስ ላይ የዳኞች ቡድን በሺህ የሚቆጠሩ ሥራዎችን ከዓመቱ ኤግዚቢሽን ጣለ። ሠዓሊዎቹ ጮሁ። ለተጣሉት ብቻ ሌላ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ብዙው ሰው ሊስቅ ነበር የሄደ። ዛሬ ግን ዳኞቹን ማንም አያስታውስም፣ የተጣለው ሠዓሊ ማኔ ግን በዓለም ይታወቃል። ልጆቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ በቴሌግራም።

ቡሬ ዳሞት፦
ያን ኤግዚቢሽን የከፈተው ማን እንደሆነም ንገራቸዋ። ሦስተኛው ናፖሊዮን ነው። ንጉሠ ነገሥት ራሱ ፈቅዶላቸው። የኛን ልጆች ማን ፈቀደላቸው? አንተ ከሸገር ካፌ ቁጭ ብለህ ታጨበጭባለህ፣ ቢመጣ የሚመጣው እዚህ ነው።

ሰዓሊ ከሸገር፦
የተወለድሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ካፌ ስለተቀመጥሁ አገሬ አልጠፋም።

የደጀን ሾፌር፦
ማርቆሴ ሸገር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው «እንጅ» ማለት ነው። እስቲ በላት።

ሰዓሊ ከሸገር፦
እንጅ እንጅ እንጅ። ይበቃሃል?

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ሕጉንም ፓሪስንም አላውቅም። ትናንት «ለምን ከለከላችሁ» ያልሁት እኔ ነኝ። አንዷ ሥዕል የልጄ ናት፣ የቡናዋ። አሁን ግን ቻናሉ ላይ የልጄን ስም ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ ድምፅ ጭምር። ማን ነው ይህን የመከራቸው? ኃላፊውንም ተቆጣሁ፣ እናንተንም ተቆጣሁ።

የቀለም አጎት፦
እትየ፣ ልክ ነዎት። ስሙን ዛሬ ጠዋት አስነስተነዋል። ድምፁን ግን ልጆቹ እምቢ አሉ። «ድምፃችን ከተነሳ ያው እንደዞረ ነው» አሉ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እነሱ እምቢ ይበሉ፣ ልጆች ናቸው። አንተ ጢም አብቅለሃል።

ቡሬ ዳሞት፦
እህ! ይኸው እኔ ከመጀመሪያው ያልሁት ይህንኑ ነው። አቤ ጉበኛን መጽሐፉ ሲታገድበት፣ ኢሉባቦር ሲጋዝ፣ ትልቅ ሰው ነበር። የመጣውን አውቆ ነው የጻፈው። በዓሉ ግርማም በ1976 ወጥቶ ሲቀር ጎልማሳ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ግን አላወቀም። «ዞር ይበል» ያለው ሰው ፈሪ ነው በሉኝ፣ እሽ። ግን ፍርሃቱ ለልጆቹም ሊሆን ይችላል።

የቀለም አጎት፦
የአቸፈሩን አቤን አንተ ጠራኸው እንጅ እኔ አልጠራሁም። ለአቤስ «ለራስህ ብለን ነው» ሳይሉት ቀሩ? ሳንሱር ሁልጊዜ ለሚከለከለው አዛኝ ነው። ለልጆቹ አዝኖ ከሆነ ለምን አልነገራቸውም? አስጠርቶ «ልጆቼ፣ እፈራለሁ» ቢላቸው ይገባቸው ነበር። ትናንት ግን «አልከለከልንም» ነው ያለ። ከሥዕሉ ይልቅ የኔን ጆሮ ነው ያዞረው።

ቡሬ ዳሞት፦
እሽ፣ እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል መጋረጃ አለው። ተሸፍኖ ይውላል። ያም ሳንሱር ነው? መሸፈን ሁሉ ማፈን አይደለም።

የዲማ ተማሪ፦
ከመጋረጃው ራስ ውረድ ወንድሜ። መጋረጃው ለክብር ነው፣ የሚገለጥበት ሰዓት አለው፣ የሚገልጠውም ሰው ይታወቃል። «ለጊዜው» ያላችሁት ጊዜ መቼ ነው? ማንስ ያዞረዋል? ከልጁ ሥዕል ጋር ባልስማማም ይህን አልውጥም።
አክዬ ልበል። ዘጌ ሂድና የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል እይ። በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። ሲበላም ተስሏል። በልጅነቴ አይቸው ሌሊት ባንኛለሁ። የቀደሙት ሠዓሊዎች ክፉውን ባንድ ዓይን፣ በጎን ይስሉታል፣ ደጉን ፊት ለፊት። ክፉውን ራሱን አዞሩት እንጅ ሥዕሉን አላዞሩም።

የቀለም አጎት፦
ሰው በላውን ሕፃን ያየዋል፣ ጎጆዋን ግን ወላጅ እንዳያይ ዞር ትበል። የዲማው፣ የቅኔውን ይቅር ብየሃለሁ።

የዲማ ተማሪ፦
እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም። ሰሙ አሁንም ቀጭን ነው።

አንቀጽ ሃያ ዘጠኝ፦
የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012 እንኳ የሥነ ጥበብ ሥራን

የደጀን ሾፌር፦
ሥዕሉ ተከፈተልኝ!! ዝም በሉ። ቸርኬው ስድስት ቀዳዳ አለው። ይህ የአይሱዙ ነው። እኔ በተማርሁበት የነበረው የላንድሮቨር ነው፣ አምስት ቀዳዳ፣ ድምፁም ቀጭን።

ሰዓሊ ከሸገር፦
ላንድክሩዘርም ስድስት ነው።

የደጀን ሾፌር፦
ኧረ ተው። ላንድክሩዘር የሚነዳው ማን ነው? የመሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ ውስጡ ወፍ አስፈልፍሎ... ልጁ ይህን አስቦ ከሆነ ጉድ ፈላ። በሉ አይሱዙ ነው ብለን እንስማማ።

የዲማ ተማሪ፦
ይኸው ሰም ተገኘ! ሾፌሩ ቃኘው።

ቡሬ ዳሞት፦
ሳቁ ሳቁ። ነገ አንድ ሰው ይህንኑ የምር ይለዋል። ያኔ «ቀልድ ነበር» በሉት።

የሦስት ልጆች እናት፦
የልጄ ስኒ ለምን እንደተደፋ ማንም አልጠየቀም። ሁላችሁም ቸርኬ ላይ ናችሁ።

የቀለም አጎት፦
እውነትዎን ነው እትየ። ለምንድን ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦
አባቷ ቶና ላይ አይጠጣም፣ ጨጓራ አለበት። አቦል ጠጥቶ ይደፋዋል። እስዋ የቤታችንን ቡና ነው የሣለች። ኃላፊው ግን «የቀረው ሰው ማን ነው?» ብሎ አፋጠጣት። ልጅቱ ደንግጣ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ ይባስ «ይኸው» አለ።

ሰዓሊ ከሸገር፦
ኧረ በማርያም።

ቡሬ ዳሞት፦
ይህችን አላወቅሁም። ይህችስ ስህተት ናት።

የቀለም አጎት፦
ስህተት ወይስ ለጊዜው ስህተት?

ቡሬ ዳሞት፦
አንተን ደግሞ አንድ ነገር ሲሰጡህ ክንድ ትጎትታለህ። የቡናዋ ስህተት ናት አልሁ። ስለ ደወሉ ቃሌን አልቀየርሁም። ርእሰ መምህሩ ቢጠየቅ ማን ያድነዋል? አንቀጽ 29 መጥቶ ያስለቅቀዋል?

አንቀጽ ሃያ ዘጠኝ፦
የጀመርሁትን ሳልጨርስ አቋረጣችሁኝ እኮ። አዋጁ ለሥነ ጥበብ ፈጠራ የተለየ ቦታ

የደጀን ሾፌር፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ጎጆዋ ውስጥ ያለው እንቁላል ነው ወይስ ጠጠር?

የቀለም አጎት፦
እንቁላል ነው። አጉልተህ እየው። ሦስት ነው።

ሰዓሊ ከሸገር፦
እኔ አራት ቆጠርሁ።

ቡሬ ዳሞት፦
በሉ፣ ለቁጥሩም ትርጉም አውጡለትና እንረፍ።

የደጀን ሾፌር፦
ላጎላው ስል ሜጋባይቴ አለቀ። ነገ ደጀን ስገባ አይቸ እነግራችኋለሁ።