ዊንዶውስን ዘግቼ ኡቡንቱ ስከፍት ዋይፋይ ይጠፋል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ አብረው ተጭነዋል። ዊንዶውስን ሸት ዳውን አድርጌ ኡቡንቱ ስገባ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ከዊንዶውስ በሪስታርት ከመጣሁ ግን ይሠራል። ካርዱ የኢንቴል ነው። ተበላሽቶ ይሆን? ልቀይረው?

አባል 1፦ ኧረ እንዳትቀይረው! በሪስታርት ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። ችግሩ ፋስት ስታርትአፕ ይመስለኛል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣ ነው፤ ሸት ዳውን ስትለው የከፈትካቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) እና ድራይቨሮቹን (ዕቃዎቹን የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) እንዳሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ስለዚህ የዋይፋዩ ድራይቨር ካርዱን በወጉ ሳይዘጋው ይቀራል፣ የኡቡንቱው ድራይቨር ሲመጣ ደግሞ ካርዱን ባልጠበቀው ሁኔታ ላይ ያገኘውና ማስነሳት ያቅተዋል። ሪስታርት ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግባ። የፓወር በተን ምርጫዎቹ ጋ ፋስት ስታርትአፕን ታገኘዋለህ። ደብዝዞ አልነካ ካለህ እዚያው ከላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ተጫን፣ ይከፈትልሃል። ምልክቱን አንሳና ሴቭ አድርግ።

አባል 2፦ መጀመሪያ ሺፍትን ይዘህ ሸት ዳውን በለው፣ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ዋይፋዩ ከመጣ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ሳለ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ከኡቡንቱ በግድ ከፍተህ እንዳትጽፍበት። ፋይል ልታጣ ትችላለህ።

ጠያቂ፦ በሺፍት ሠራ! ፋስት ስታርትአፑንም አጠፋሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

አባል 3፦ የኔ ደግሞ ኡቡንቱ ብቻ ነው፣ ስሊፕ ካደረገ በኋላ ዋይፋዩ አይመለስም። ኤርፕሌን ሞድ አብርቼ ባጠፋም ለውጥ የለም።

አባል 1፦ ኤርፕሌን ሞድ ሬዲዮውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ ድራይቨሩ እንደተጫነ ይቀራል። ያንተም ኢንቴል ከሆነ ድራይቨሩን ራሱን ከሜሞሪ አውጥተህ መልሰህ ጫነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ አይደብሊውኤልዋይፋይ (iwlwifi) የሚባለውን የድራይቨሩን ክፍል ብቻ ላውጣ ካልክ ስራ ላይ ነኝ ብሎ እምቢ ይልሃል፤ በላዩ የተቀመጠው አይደብሊውኤልኤምቪኤም (iwlmvm) የሚባለው ሌላው ክፍል ነውና መጀመሪያ እሱን አውጣ። ስትመልስ አይደብሊውኤልዋይፋይን ብትጭን ይበቃል፣ ሌላውን ራሱ ይጠራዋል። በዚህ ከተስተካከለ ስሊፕ ከመግባቱ በፊት ድራይቨሩን የሚያወጣ፣ ሲነቃ የሚጭን አጭር ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) በሲስተምዲ (የኡቡንቱን አገልግሎቶች በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የስሊፕ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ።