«ፍለጋ አይዋሽም» መባሉን በተመለከተ

የዳሞት ልጅ፦ ትናንት እዚህ ቡድን ውስጥ «ሰዎች በጉግል ስለ መዥገር የሚፈልጉትን ብንከታተል በሽታውን ከጤና ጣቢያ ሪፖርት ቀድመን እናውቃለን፤ ፍለጋ አይዋሽም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። በዳንግላ ገጠር ላሙ ደም የመሰለ ሽንት የሸናችበት ገበሬ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይነዳታል እንጂ ጉግል አይከፍትም። ታዲያ የማይዋሸው የማን ፍለጋ ነው?

ጣና ዳር፦ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ አሁንም እቆምለታለሁ። አሜሪካ ውስጥ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲበረታ ስለ እርሱ የሚደረገው ፍለጋም አብሮት ይጨምራል። በየዓመቱ ለዚህ በሽታ የሚታከመው ሰው 476 ሺህ ገደማ እንደሚደርስ ሲገመት፣ በሪፖርት የሚመዘገበው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሪፖርት ያጎደለውን ፍለጋ ቢጠቁመን ምን እንጎዳለን?

የዳሞት ልጅ፦ «ቢጠቁመን» ማለትና «አይዋሽም» ማለት ይለያያሉ። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢንፍሉዌንዛን ከፍለጋ የሚገምት አገልግሎት ጀምሮ፣ በ2012/13 ወቅት ሐኪም ቤቶች ካዩት ከእጥፍ በላይ ከገመተ በኋላ በ2015 ዘግቶታል። ዜና ያስፈራው ጤነኛም ይፈልጋልና።

የብቸናዋ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቋረጠው ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልተመለሰም። የፍለጋን መጠን የሚያሳየው ጉግል ትሬንድስ ደግሞ ከ0 እስከ 100 በሚሄደው መለኪያው ፍለጋው ጥቂት ሲሆን 0 ያስቀምጣል። ያንን 0 አዲስ አበባ ሆኖ የሚያነብ ባለሙያ ጎጃም ደኅና ናት ብሎ በጀቱን ወደ ሌላ ቢያዞር ማን ይከለክለዋል?

ጣና ዳር፦ እህቴ፣ መስመር መቋረጡ የዘዴው ጥፋት አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ሪፖርትም ይቀራል።

የብቸናዋ፦ ሪፖርት ሲቀር መቅረቱ ይታወቃል፤ ያልላከው ጤና ጣቢያም በስሙ ይጠየቃል። ለ0 ግን የሚጠየቅ የለም።

የከብት ሐኪም፦ አስቀድሜ አንድ ነገር ላርም። ትናንት ግርሻ (እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት) ከመዥገር በሽታዎች ጋር ተቆጥሯል፤ በአገራችን የሚታወቀው ግርሻ የሚተላለፈው ግን በልብስ ቅማል ነው። በእኛ አካባቢ የመዥገር ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በከብት ላይ ሲሆን፣ አናፕላዝማና ባቤሲያ የተባሉት በመዥገር የሚተላለፉ የደም ተሕዋስያን በተለይ የተዳቀሉ ላሞችን ያጠቃሉ፤ አምብሊዮማ የተባለው መዥገር ደግሞ ካውድሪዮሲስ የተባለውን የከብት በሽታ ያስተላልፋል። ዝናቡን ተከትሎ መዥገር ሲበዛ ገበሬው ዲያዚኖን የተባለውን የመዥገር መድኃኒት ይገዛል። ስለዚህ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችን የሽያጭ ደብተር በየሳምንቱ ብንሰበስብ፣ ስልክ የሌለውንም ገበሬ እናገኘዋለን።

ጣና ዳር፦ ዶክተር፣ ደብተሩን በየሳምንቱ የሚሰበስበው ማን ነው? የእንስሳት ጤና ባለሙያው አንድ ሆኖ ብዙ ቀበሌ ይዞ ይዞራል። ፍለጋው ግን ያለ ማንም ድካም ይከማቻል፤ አባት ባይፈልግ ከተማ ያለው ልጁ ይፈልግለታል።

የዳሞት ልጅ፦ ልጁ የሚፈልገው ባሕር ዳር ተቀምጦ ከሆነ፣ የቡሬ ላም በሽታ የሚቆጠረው ባሕር ዳር ላይ ነው። በበሽታው የተያዘውን ቀበሌ ካላወቅን መድኃኒቱን ወዴት እንልካለን? «አይዋሽም» ያሉትን ያንሡልኝና ስለ ቀሪው እንነጋገር።

ጣና ዳር፦ አላነሣም። ሰው የሚፈልገው ስላስጨነቀው ነው፤ ጭንቀቱም እውነት ነው። ለአንድ ክረምት ሽያጩንና ፍለጋውን ጎን ለጎን እንመዝግብና እንይ።

የከብት ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ከዳንግላና ከመራዊ እንጀምር።

የብቸናዋ፦ ኔትወርክ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ካልተካተቱ እኔ ንጽጽሩን አልቀበልም።