ረብሻን በዋጋ ልቀንስ ብዬ የሴል ዳር ስልኮች ጠፉብኝ

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜያለሁ። በፓይተን የሠራሁት የሞባይል ኔትወርክ ሲሙሌሽን 7 ሴሎች አሉት፤ ሴል ማለት አንድ ቤዝ ስቴሽን (የአንቴና ጣቢያ) የሚሸፍነው አካባቢ ነው። በየሴሉ አንድ ስልክ ወደ ቤዝ ስቴሽኑ ይልካል፤ ፍሪኩዌንሲው የጋራ ስለሆነ የአንዱ ሲግናል ሌላውን ሴል ይረብሻል። የእያንዳንዱ ስልክ የኃይል ጣሪያ 200 ሚሊዋት ነው።

ዋጋ ሳይኖር ሁሉም ጣሪያውን ይነካል። ለጎረቤት ማሰብ ምንም አያስገኝለትማ! ስለዚህ እያንዳንዱ በጎረቤት ሴሎች ላይ ለሚያደርሰው ረብሻ በስሌቱ ውስጥ ዋጋ እንዲከፍል አደረግሁ። ዋጋውን የሚያወጣው ተረባሹ ነው፤ ረብሻው ትንሽ ቢጨምር ጥቅሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ አስልቶ። ጥቅሙን የለካሁት በሎጋሪዝም ነው፦ የ(1 ሲደመር የሲግናልና የረብሻ ንጥጥር) ሎጋሪዝም።

ሁሉም ኃይልና ዋጋውን በአንድ ጊዜ ሲያድስ ቁጥሮቹ ይዋልላሉ፤ አይረጉም። የእርምጃውን መጠን (ቁጥሮቹ በየዙሩ የሚለወጡበትን ልክ) በግማሽ ስቀንሰው ረጋ። ግን ሴል ዳር ያሉት ሁለት ስልኮች ኃይላቸው ዜሮ ገባ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ የጀመርኩት እነሱን ለመጥቀም ነበር። መነሻውን ኃይል ብቀያይርም ያው ነው።

ስሌቱ እንዲረጋ፣ ዳር ያሉትም እንዳይጠፉ፣ 1ን አውጥቼ የንጥጥሩን ሎጋሪዝም ብቻ ልጠቀም ወይስ ዋጋው የሚታደስበትን መንገድ ልለውጥ?