የፊዲክ ውል ላይ ያለው የእንግሊዝኛ «ሻል» (shall) በአማርኛ ምን ይባል? «ይሆናል» ወይስ «ግዴታ አለበት»?

ውል ክትትል (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ ውል ክትትል ላይ ነው የምሠራው። ዋናው ውላችን በእንግሊዝኛ የተጻፈው እ.ኤ.አ. የ1999 የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ የሚባለው መደበኛ የግንባታ ውል ነው። ፎርማኖቹና ንዑስ ተቋራጮቹ እንዲያነቡት ዋና ዋና አንቀጾቹን በአማርኛ አዘጋጂ ተብያለሁ። ያስቸገረኝ «ሻል» ነው፤ የሌለበት መስመር የለም። ትምህርት ቤት የተማርነው ከ«አይ» (እኔ) እና ከ«ዊ» (እኛ) ጋር ለመጪ ጊዜ እንደሚገባ ነበር። ሁሉንም «ግዴታ አለበት» ብዬ ስሄድ «ተቋራጩ ሳይቱን እንዳየ የመቆጠር ግዴታ አለበት» የሚል ጉድ ወጣ። «ይሆናል» ስለው ደግሞ ፎርማኑ «ከሆነ እናያለን» ብሎኝ ሄደ። ምን ይሻለኛል? «ሹድ» (should) የሚለውስ?

ቲቸር
የ«አይ» እና የ«ዊ» ነገር የድሮ ሰዋስው ነው፣ ለውል አይጠቅምሽም። ከ«አንተ» እና ከ«እሱ» ጋር ሲመጣ «ሻል» ትእዛዝ ነው። የድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አትስረቅ» የሚለውን ያስቀመጠው በዚሁ ግስ ነው። ማንም ትንቢት ነው ብሎ አላነበበውም።

ጋሽ ክሌም
እህቴ፣ ሁሉም «ሻል» አንድ ሥራ አይሠራም። እኔ መጀመሪያ የማየው ከፊቱ ማን እንዳለ ነው። ከዚያ ያ ሰው የተባለውን ነገር ሊያደርገው ይችላል ወይ? እላለሁ።

የውሉን አንቀጽ 20.1 ውሰጂ። ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ይገባኛል ካለ ለመሐንዲሱ ማስታወቂያ «ሻል ጊቭ» ይላል፤ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ ከ28 ቀን ሳይዘገይ። ሰው አለ፣ ድርጊት አለ፣ ቀን አለ። ካሳለፈው ጊዜው አይራዘምለትም፣ ተጨማሪ ክፍያም የለም። (የአርማታ ጥንካሬ የሚፈተሽበት ኪዩብም 28 ቀን፣ ክሌምም (የተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ጥያቄውም) 28 ቀን። የኪዩቡን ቀን በደብተሩ ይዞ የክሌሙን የሚያሳልፍ ስንት መሐንዲስ አለ መሰለሽ!) እዚህ ላይ «የማሳወቅ ግዴታ አለበት» በይ፣ ምንም አትፍሪ።

ያንቺ ጉድ የወጣው ከአንቀጽ 4.10 ነው። «ሻል ቢ ዲምድ» ማንንም ምንም አድርግ አይልም። ተቋራጩ ጨረታውን ከማስገባቱ በፊት፣ ጊዜና ወጪ በፈቀደ መጠን፣ ሳይቱን እንደመረመረ ይቆጠራል ነው የሚለው። ሄዶም ይሁን ቢሮው ቁጭ ብሎ ዋጋ ሞልቶ፣ «አላየሁትም ነበር» ማለት አይችልም። «ይቆጠራል» ብለሽ ተዪው። «ሻል ቢ ኢንታይትልድ ቱ» ደግሞ መብት ነው፤ «መብት ይኖረዋል» ነው የሚባለው። እዚህም ግዴታ ካልሽበት ሰውየው ገንዘቡን ተገዶ የሚወስድ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. የ2017ቱን እትም ካገኘሽ አንቀጽ 1.2ን ተመልከቺ። «ሻል» ማለት ግዴታ፣ «ሜይ» (may) ማለት የማድረግና ያለማድረግ ምርጫ እንደሆነ ራሱ ጽፎታል። ያንቺ የ1999ኙ ነውና አንቀጹን ከዚያ አትጥቀሺ፣ ለመረዳት ያህል ብቻ።

«ይሆናል» ላይ ፎርማንሽ አልተሳሳተም። «ይመጣ ይሆናል» ስንል መምጣቱን እየተጠራጠርን አይደል?

ሕግ ያጠና
ጋሽ ክሌም፣ «ይሆናል»ን እንዲህ አታናንቁት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» ነው የሚለው፤ በእንግሊዝኛው «ሻል ቢ» ነው። በዚያ ላይ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ «ይሆናል» በሕግ ቋንቋችን ሙሉ ትእዛዝ ነው።

ጋሽ ክሌም
ወንድሜ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ እስማማለሁ። ዳኛ ያነበዋል። የሷን ወረቀት ግን የሚያነበው ብረት የሚያስር ፌራዮ ነው፤ ለሱ «ይሆናል» ቀጠሮ ነው።

ኮድ ጸሐፊ
ስለ «ሹድ» ለጠየቅሽው፦ እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ጋ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አርኤፍሲ 2119 የሚባል አጭር የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ አለ። «መስት» (must) እና «ሻል» አንድ ናቸው ይላል። «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ካለህ፣ የሚያመጣውን መዘዝ መዝነህ ልትተወው ትችላለህ ማለት ነው። «ሜይ» በፍላጎት ነው። የአይሶ (ISO) ዓለም አቀፍ ደረጃዎችም «ሻል»ን ለግዴታ፣ «ሹድ»ን ለምክር ይለያሉ። የጨረታ ስፔስፊኬሽን ላይ «ሹድ» ካየሽ ግን ጸሐፊው ይህን ልዩነት አውቆ ነው ብለሽ አትተማመኚ፤ ማብራሪያ በጽሑፍ ጠይቂ።

ከሜሪላንድ
አሜሪካ ውስጥም ጉዳዩ አላለቀም። የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ አዲስ ሲጻፉ «ሻል» እየወጣ በ«መስት»፣ በ«ሜይ» እና በ«ሹድ» ተተካ። ደንብ 56 ላይ «ሹድ» አስገቡና አከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሻል»ን መልሰው አስገቡት። እኔ ብሆን ለሠራተኛ በሚሰጥ ወረቀት ላይ ቁርጥ ያለውን ቃል ነው የምመርጠው።

ውል ክትትል (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ አለ። ስፔስፊኬሽኑ ላይ «ፌሮው አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሻል ቢ ክሊንድ» ይላል። ማን እንደሚያጸዳው አይናገርም። «ይጸዳል» ብዬ ልለፈው?

ጋሽ ክሌም
በፍጹም። «ይጸዳል» ካልሽው ፌራዮው ቀን ሠራተኛውን፣ ቀን ሠራተኛው ፎርማኑን ሲያይ ሚክሰሩ ይደርሳል። ለአሠሪው ተጠያቂው የእናንተ ድርጅት ነው፤ የውሉ አንቀጽ 4.4 ንዑስ ተቋራጩ የሠራውን ዋናው ተቋራጭ እንደሠራው ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከንዑስ ተቋራጩ ጋር ያላችሁን ስምምነት አውጪና የማጽዳቱ ሥራ የማን ድርሻ እንደሆነ እይ። የሱ ከሆነ «ፌሮውን ንዑስ ተቋራጩ ያጸዳል፣ የዝገቱን ቅርፊትና ዘይቱን አስወግዶ ለፎርማኑ ያሳያል» ብለሽ በስሙ ጻፊ። ስምምነቱ ዝም ካለ ግን አንቺ ከኪስሽ አትሙዪበት፣ አለቃሽን ጠይቂ።

ከወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ ለሥራ መረጃ የተዘጋጀ እንደሆነና ልዩነት ቢመጣ የሚጸናው እንግሊዝኛው እንደሆነ አስፍሪ። የእናንተ ውል ገዢ ቋንቋ የትኛው እንደሆነ በአንቀጽ 1.4 መሠረት የጨረታው አባሪ ላይ ተሞልቷል፤ መጀመሪያ እሱን አረጋግጪ።