እድርና እቁብ ሞልቶን ፈጠራው ለምን አነሰ?

ተማሪዋ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ እድርና እቁብ የሌለበት ሰፈር የለም። ማኅበራዊ ካፒታል (በሰዎች መካከል ያለው መተማመንና ትስስር) ፈጠራንና ተወዳዳሪነትን ያሳድጋል ከተባለ እኛ ጋ ውጤቱ ለምን አነሰ? አገሮችን ለማነጻጸርስ በምን ልለካው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዪ። እድር የሚተዋወቁትን ያጠብቃል፤ አዲስ ሐሳብ ግን በአብዛኛው ከሩቅ ትውውቅ ነው የሚመጣው። የታጠበ ቡናን እዪ፦ ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። አንድ የማኅበር አባል ያልበሰለ ቀላቅሎ ካስረከበ የሁሉም ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ድረስ የሰፈር መተማመን ይሠራል። ወደ ውጭ ገዢ፣ ወደ ባንክና ወደ ቀማሽ የሚያደርሰው ግን ሌላ ድልድይ ነው፤ ጉድለታችንም እሱ ይመስለኛል።

ሌላ መልስ፦ ለመለኪያው፣ በብዙ አገሮች ሰዎችን ከሚጠይቀው የዓለም እሴቶች ጥናት (World Values Survey) «አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የ29 አገሮች ጥናት መተማመን ከዕድገት ጋር እንደሚያያዝ፣ የማኅበር አባልነት ግን እንደማይያያዝ አሳይቷል። ስለዚህ እድር ቆጥረሽ አትደምድሚ። በአገሮቹ መካከል ያለውን የገቢና የትምህርት ልዩነት በስሌትሽ ካላስገባሽ ትሳሳቻለሽ፤ ሀብትም ራሱ መተማመንን ያመጣልና።

ተማሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፈጠራውን በፓተንት (በተመዘገበ የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ብዛት ብለካውስ?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ገበሬው በቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ያደረገው ማሻሻያ ፓተንት ውስጥ አይገባም።