የፊዚክስ ክፍላችን ሴት መምህራን አያገኝም፦ የሚበላሸው ማስታወቂያው ላይ ነው ወይስ ኮሚቴው ላይ?

የላብ_ቁልፍ
ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይተው ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ያለ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ነው። መምህራኑ 22 ሲሆኑ ሴቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ለፒኤችዲ ትምህርት ላይ ነች። ወንዶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የወጡ ናቸው። አሁን ሦስት የሌክቸረር መደብ ተፈቅዷል። ማስታወቂያው ላይ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይባላል፤ ወይ የምታመለክት አትኖርም፣ ወይ ቃለ መጠይቁ ላይ ትቀራለች። መስፈርት ሳይወርድ ምን ይደረግ? «ኮታ ይሁን» የሚለውን ሰምተነዋል፤ የምፈልገው አሠራሩን ነው።

የቀለም_ቀንድ
«ይበረታታሉ» የሚለው ቃል ማንንም አምጥቶ አያውቅም። አመልካች የሚጠፋው ከዚያ መስመር በላይ በተጻፈው ነው።

አንደኛ፣ ሙያውን አታጥብቡ። «ኤምኤስሲ በስፔስ ፊዚክስ» ካላችሁ በአገሪቱ ያለው አመልካች በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሴት ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። ጀነራል ፊዚክስን፣ መካኒክስንና የአንደኛ ዓመት ላብን ለማስተማር ስፔስ ፊዚክስ ምን ያደርጋል? ከሦስቱ መደቦች ሁለቱን «ኤምኤስሲ በፊዚክስ፣ በማንኛውም ዘርፍ» ብላችሁ ክፈቱ። ይህ መስፈርት ማውረድ አይደለም፤ ሥራው የማይጠይቀውን መሰረዝ ነው።

ሁለተኛ፣ «በአካል ቀርበው ይመዝገቡ» የሚለውን አውጡት። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ሁለት ቀን ተጉዞ ፎርም ሞልቶ መመለስ፣ ለፈተና ደግሞ እንደገና መምጣት፣ ገንዘብ የሌለውንና ልጅ የያዘችውን ያስቀራል። በኢሜይል ተቀበሉ፤ ዋናውን ማስረጃ ለፈተና ሲመጡ አመሳክሩ።

ሦስተኛ፣ ጊዜው። ማስተርስ የሚጨርሱት ብዙዎቹ ቴሲስ የሚከላከሉት ክረምቱ ሲገባ ነው። ግንቦት ላይ ዘግታችሁ ዲግሪ ከጠየቃችሁ የዓመቱን አዲስ ምሩቃን በሙሉ ከበር መለሳችሁ ማለት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ዝጉ፤ ቴምፖም (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ተቀበሉ።

ማስታወቂያውን ሰሌዳ ላይና ጋዜጣ ላይ ብቻ አትተዉት። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ላሉ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎች በቀጥታ ላኩና «ዘንድሮ ከሚጨርሱት ሴቶች እነማን አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የመቅጠሩ ችግርም በዚሁ ይቃለላል።

ነጥብ_ቆጣሪ
የቀለም ቀንድ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ሰው ከመጣ በኋላ የሚፈጸመውን ሒሳብ ተመልከቱ። ለምሳሌ አከፋፈሉ ሲጂፒኤ (ከ4 የሚታሰበው የትምህርት አማካይ ውጤት) 50፣ የማስተማር ሠርቶ ማሳያ 30፣ ቃለ መጠይቅ 20 ነው እንበል። 3.70 ያለው አመልካች ከ50ው 46.25 ያገኛል፤ 3.45 ያላት 43.1። ልዩነቱ 3 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ጥያቄው ያልተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ግን ለአንዱ 18፣ ለሌላዋ 9 መስጠት ይችላል። የሴኔት ሕጋችሁ (የዩኒቨርሲቲው የውስጥ መተዳደሪያ) ለሴት የሚጨምረው የድጋፍ ነጥብም እዚያው ይዋጣል። ዓመት ሙሉ ስለ ድጋፍ ነጥቡ ይከራከራሉ፤ ውጤቱን የሚወስነውን 20 ነጥብ ግን የሚያየው የለም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ወደ 10 አውርዱና ቀሪውን ለሠርቶ ማሳያው ስጡ። ጥያቄዎቹ አምስት ይሁኑ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ምን ሲመለስ 0፣ 1 ወይም 2 እንደሚያሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ። እያንዳንዱ አባል ውይይት ሳይጀመር ነጥቡን ሞልቶ ይፈርም። ሰብሳቢው ቀድሞ «ጎበዝ ነው» ካለ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። «ባለትዳር ነሽ? እዚህ ትቆያለሽ?» የሚባል ነገር ደግሞ ከክፍሉ መውጣት አለበት፤ ለወንዱ የማይቀርብ ጥያቄ ነው።

ከማዶ
እዚህ አሜሪካ ያሉ የሳይንስ ክፍሎችም ያው ናቸው። የዬል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሙከራ 127 የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን ለላብ ማናጀርነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ደረሳቸው፤ ለግማሾቹ «ጆን»፣ ለግማሾቹ «ጄኒፈር» በሚል ስም። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለጄኒፈር 26,508 ዶላር የዓመት ደመወዝ ገመቱ። ሴት መምህራኑም ከወንዶቹ አልተለዩም። ስለዚህ «ኮሚቴው ውስጥ አንዲት ሴት አስገብተናል» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ያቺው አንዷ ሴት በየኮሚቴው ትበተንና ምርምሯ ይቀራል።

ሌላው፦ 598 የመጨረሻ ዙር እጩዎችን የተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንታኔ አለ። ከመጨረሻዎቹ አራት እጩዎች ሴቷ አንድ ብቻ ስትሆን የመቀጠር ዕድሏ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሁለት ሲሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ለመጨረሻው ዙር ቢያንስ ሁለት ሴቶች ሳይደርሱ ማስታወቂያው እንዲራዘም አድርጉ።

ነጥብ_ቆጣሪ
@ከማዶ በዚያ ትንታኔ ላይ ብዙ አትደገፍ። አብረው መከሰታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም። ሁለት ሴቶችን እስከ መጨረሻው ያደረሰ ክፍል ከመጀመሪያውም የተሻለ ክፍል ሊሆን ይችላል። ማራዘሙን ግን እደግፋለሁ፤ አንዴ ብቻ፣ የሚራዘምበት ቀንም አስቀድሞ ይወሰን። አለበለዚያ መደቡ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ይታጠፋል።

ሁለተኛ_ሴሚስተር
ስለ ቅጥር ብቻ አወራችሁ። ያሉት ሁለቱስ? ቢለቁ ሦስት ቀጥራችሁ የምታተርፉት አንድ ነው።

የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው። ድምሩ 17 ሳምንት ይጠጋል፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ማለት ነው። ኃላፊው ብዙ ጊዜ ክሬዲቷን ለባልደረቦቿ ያከፋፍላል፤ እነሱ ያጉረመርማሉ፣ እሷ ስትመለስ «ዕዳሽን ክፈይ» ተብላ ድርብ ሎድ (የማስተማር ጫና) ይጫንባታል። መደረግ ያለበት ሎዱ ሲደለደል የትርፍ ሰዓት መምህር በጀት መጠየቅ ነው። ስትመለስ አዲስ ኮርስ አትስጧት፤ ከዚህ በፊት ያስተማረችውን መልሳ ታስተምር። ለደረጃ ዕድገት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ሲሰበሰብም ያ ሴሚስተር እንደ ጉድለት እንዳይቆጠር ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር አያይዙት።

ሌላው ላብ ነው። አሜሪካ ባለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰሯ ናንሲ ሆፕኪንስ ሜትር ይዛ የየመምህሩን የላብ ስፋት ለክታ ነበር፤ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሪፖርት አንጋፋ ሴት መምህራን መገለላቸውን አምኗል። እናንተም አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በእያንዳንዱ መምህር ስም ሎድ፣ የኮሚቴ ብዛት፣ የላብ ክፍል፣ የምርምር ገንዘብ፣ የሚያማክራቸው ማስተርስ ተማሪዎች። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ብዙ ጊዜ ሴቷ ኮሚቴ ላይ አንደኛ፣ የምርምር ገንዘብ ላይ መጨረሻ ሆና ትገኛለች። (ላቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለ አካል ጉዳተኛ መምህርም ከበሩ ቀርቷል፤ እሱንም ሠንጠረዡ ላይ ጻፉት።)

የላብ_ቁልፍ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ አለ፦ ኮሚቴውን የሚሰይመው ዲኑ ነው። የነጥብ አከፋፈሉን እኛ መቀየር እንችላለን?

የቀለም_ቀንድ
ብቻችሁን አትችሉም፣ ግን መነሻውን የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የዲፓርትመንት ካውንስል ጥሩ፤ የነጥብ አከፋፈሉን፣ አምስቱን ጥያቄዎችና የመልስ መመዘኛውን በቃለ ጉባኤ አስይዙና ለዲኑ በደብዳቤ ላኩ። ጥያቄዎቹ የታሸጉ ይሁኑ። ከሴኔት ሕጉ ጋር የሚጋጭ ነጥብ ካለ በዚያ ጊዜ ይታረማል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ግን አንድ ነጥብ እንኳ አትንኩ፤ ቅሬታ የሚቀርበው እሱ ላይ ነው፣ ውድድሩም የሚሰረዘው በሱ ነው።