ክፍል 2፦ አሟሚው ለባዮጋዝ ባክቴሪያው ይስማማል ወይ?

ረቂቅ አዘጋጅ፣ 4 ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁም። የፕሮፖዛላችን ክፍል 1 በተስማማንበት ይሂድ። የከተማውን ገረባና የቡና ገለፈት እንወስዳለን፣ በአዮኒክ ፈሳሽ (አሟሚያችን እሱ ነው) እናላላለን፣ ከዚያ ወደ ባዮጋዝ። ዛሬ ክፍል 2ን እንጨርሰውና አርብ ስንገናኝ ስለ በጀት ብቻ እናውራ።

ለአዳዲስ አባላት ባጭሩ፦ አዮኒክ ፈሳሽ ማለት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀልጥ ጨው ነው። የወጥ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1914 ፖል ዋልደን የጻፈበት ኤቲል አሞኒየም ናይትሬት ግን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። በ2002 ደግሞ ኢሚዳዞሊየም የሚባሉት አዮኒክ ፈሳሾች የዕፅዋቱን ሴሉሎስ እንደሚያሟሙ ታተመ። እኛም ወደዚህ መስመር የገባነው በዚያ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ። እነዚህ ነገሮች «አረንጓዴ» የተባሉት በዋናነት ስለማይተኑ ነው። አለመትነናቸው ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠራው ሰው ሳንባ ጥሩ ነው። ለወንዙ ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ አየር ውስጥ ያልገባ ነገር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ የኛ ከተማ ፍሳሽ ደግሞ የሚሄደው ወይ ቃሊቲ ማጣሪያ ነው ወይ በቀጥታ አቃቂ ወንዝ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እፈልጋለሁ። አሟሚውን የምንመርጠው ገረባውን ምን ያህል እንደሚያላላ አይተን ሳይሆን፣ ባዮጋዙን በሚሠራልን የፍሳሽ ዝቃጭ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምን ያህል እንደሚችሉት አስቀድመን ለክተን ይሁን።

የኬሚስትሪ ቡድን

አልስማማም። ኢሚዳዞሊየም አሲቴት በዚህ ሥራ የተፈተነ ነው። ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ገምጋሚዎቹም ያውቁታል። ካላላን በኋላ በውሃ ደጋግመን እናጥበዋለን፤ የሚቀረው ትንሽ ነው። ገና ሳንጀምር ጠንካራውን አሟሚ ጥለን ደካማ ከያዝን፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጋዝ የረባ አይሆንም።

ባዮጋዝ ቡድን፣ 5 ኪሎ

ወንድሜ፣ የምታጥብበት ውሃስ የት ይሄዳል? ጥያቄው እኮ እሱ ነው። ኢሚዳዞሊየም ላይ አራት ካርቦን ያለው ጭራ የተንጠለጠለበት ዓይነት በተለመደው የ28 ቀን የመበስበስ ሙከራ ከሞላ ጎደል ሳይነካ ነው የሚወጣው። ጭራውን ወደ ስምንት ካርቦን ብታስረዝመው ደግሞ የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ እንደ ሳሙና ይሠራል። ጭራው በረዘመ ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል፤ ይሄ በዘርፉ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ያንተ አሲቴት አጭር ጭራ ስላለው ከነዚያ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ግን እርሾንም ሚቴን አምራቾችንም መጠኑ ሲጨምር ያፍናል።

አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ክፍል 2 የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ባዮጋዙ የሚመረትበት ጋን ውስጥ የሚኖረው አንድ ዓይነት ረቂቅ ሕዋስ አይደለም። አንዱ ወገን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣል፣ ሌላው አሲዱን ወደ ሚቴን። አሲድ አምራቾቹ ፈጣንና ጠንካራ ናቸው። ሚቴን አምራቾቹ ቀስ ብለው ነው የሚባዙት፣ ቶሎም ይጎዳሉ። አሟሚው ሁሉንም እኩል ቢያዳክም ኖሮ ጋዙ ይቀንስና ያበቃ ነበር። ሚቴን አምራቾቹን ብቻ ሲያዳክም ግን አሲዱን የሚበላ ይጠፋል፣ አሲዱ ይጠራቀማል፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ይወርዳል፣ ጋኑ ይኮመጥጣል። አንዴ ከኮመጠጠ ደግሞ መልሶ ማስነሳቱ የሳምንታት ሥራ ነው። በኦክስጅን በሚሠራ ዝቃጭ ላይ የሦስት ሰዓት የመተንፈስ ሙከራ፣ ኦኢሲዲ 209 የሚባለውን፣ ብቻ ሠርተን «ችግር የለም» ብንል ይሄን አናየውም። ያለ ኦክስጅን የሚሠራው የኦኢሲዲ 311 ሙከራ እስከ 60 ቀን ይፈጃል፤ እሱን በጊዜ ሰሌዳው ላይ አስገቡልኝ።

ሒሳብ ያዥ

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፣ ግን ገንዘቡን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ኮሊን ክሎራይድ ለዶሮ መኖ ይገባል፣ ከኢሚዳዞሊየሙ በጣም ይረክሳል። በውጭ ምንዛሪ ወረፋ ከመያዝ እሱን ለምን አንወስድም?

ረቂቅ አዘጋጅ፣ 4 ኪሎ

ጋሼ፣ አቅጣጫው ትክክል ነው። ግን ኮሊን ክሎራይድ ብቻውን 302 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ለኛ ሙቀት ጠጣር ነው። ከዩሪያ ጋር አንድ ለሁለት ሲቀላቀል 12 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ዩሪያው ጋኑ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያ ሲበዛ ደግሞ ሚቴን አምራቾቹን ያፍናቸዋል። ስለዚህ ኮሊኑን እንያዝ፣ ዩሪያውን እንተው። ኮሊን ላይሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር፣ ተክሉን የሚያጠነክረውን ሊግኒን በማውጣት የታወቀ ነው፤ የሚሠራውም አሲድና ቤዝ በማቀላቀል ሲሆን ተረፈ ምርቱ ውሃ ብቻ ነው። ኮሊን አሲቴትን ሁለተኛ እናድርገው።

ባዮጋዝ ቡድን፣ 5 ኪሎ

እደግፋለሁ፣ ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር። ላይሲንም ናይትሮጅን አለው፣ ድብልቁም ቤዝነቱ ከፍ ያለ ነው። ፒኤቹን ወደ 7 አካባቢ ሳንመልስ ጋን ውስጥ አንከተውም። የካርቦንና ናይትሮጅን ምጣኔውንም ከ20 እስከ 30 ለአንድ መካከል መያዝ አለብን፤ ቡና ገለፈቱ ካርቦኑን ይሰጠናል።

ደስ ያለኝን ነገርም ልንገራችሁ። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኮሊኑን ወደ ትራይሜቲላሚን ይሰብሩታል፣ ያንን ደግሞ አንዳንድ ሚቴን አምራቾች በቀጥታ ይበሉታል። ማለትም ከአሟሚው የሚተርፈው፣ መጠኑ ካልበዛ፣ ጋዝ ይሆናል። ኢሚዳዞሊየም ይሄንን አይሰጠንም። (ትራይሜቲላሚን የተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ጠርሙሶቹ በደንብ ይከደኑ፣ ጎረቤት ላብራቶሪ እንዳያማርር።)

ጡረታ ላይ ያሉ አባል፣ ማይክሮባዮሎጂ

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዝቃጭ ከቃሊቲ ብቻ ለምን እናመጣለን? ሻላ፣ አቢጃታና ጭቱ ሐይቆች ውስጥ ፒኤች 10 አካባቢ፣ በሶዳና በጨው መሐል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉን። ብዙ ጨው የሚችሉ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከሚያድኑባቸው መንገዶች አንዱ ቤታይን የሚባል ውህድ በሕዋሳቸው ውስጥ ማከማቸት ነው፣ ቤታይኑን ደግሞ ብዙዎቹ ከኮሊን ይሠሩታል። የመረጣችሁት አሟሚና የአገራችን ሐይቅ በዚህ ይገናኛሉ። ቢታሰብበት።

የኬሚስትሪ ቡድን

ጋሼ፣ ያሉት በጣም ጥሩ ነው። ግን ጨው መቻልና አሟሚ መቻል አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሐይቆቹ ካሉበት ከአቢጃታ ሻላ ፓርክ ናሙና ለማውጣት ፈቃዱም ጊዜ ይወስዳል። ዋናውን ሥራ በሱ ላይ አንመሥርት። እንደ ጎን ሙከራ ይግባ፣ ይሄን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ኮሊኑንም እቀበላለሁ፣ ኢሚዳዞሊየም አሲቴት ለማነጻጸሪያ በትንሽ መጠን ከቀረ።

ጡረታ ላይ ያሉ አባል፣ ማይክሮባዮሎጂ

ይሁን። የፈቃዱን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ።

ረቂቅ አዘጋጅ፣ 4 ኪሎ

እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ክፍል 2 እንዲህ ይነበብ፦

«ዝቃጭ ከቃሊቲ ማጣሪያ ይወሰዳል፤ ማጣሪያው ያለ ኦክስጅን የሚሠሩ ጋኖች ስላሉት ለሙከራው ተስማሚ ነው። ገረባ ከመነካቱ በፊት ኮሊን ላይሲኔት፣ ኮሊን አሲቴትና ኢሚዳዞሊየም አሲቴት በተለያየ መጠን ለዝቃጩ ብቻ ይሰጣሉ። ምንም ያልተጨመረበት ጠርሙስና ንጹሕ ሴሉሎስ የተጨመረበት ጠርሙስ በየዙሩ አብረው ይሮጣሉ። የሴሉሎሱ ጋዝ፣ በስሌት ከሚጠበቀው በግራም 415 ሚሊ ሊትር ሚቴን እጅግ ያነሰ ከሆነ፣ የዚያ ዙር ውጤት አይያዝም። ሙከራው በ35 ዲግሪ እና ያለ ማሞቂያ በክፍሉ ሙቀት ይደረጋል። ዝቃጩ የማይችለው አሟሚ፣ የቱንም ያህል ገረባ ቢያላላ፣ ወደ ክፍል 3 አይገባም። የማጠቢያው ውሃ ተሰብስቦ አሟሚው ይመለሳል፤ ወደ ፍሳሽ መስመር አይለቀቅም።»

የክፍል ሙቀቱን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ነን፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጋን የሚያሞቅ ገንዘብ ያለው ቀበሌ አላውቅም። በ35 ዲግሪ ብቻ የሚሠራ ነገር ይዘን ብንቀርብ ለዚህ ከተማ አይሆንም።

ሒሳብ ያዥ

የማጠቢያውን ውሃ መሰብሰቢያና ማትነኛ በበጀቱ ለብቻው መስመር እሰጠዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የ35 ዲግሪው ሙከራ እንዳይበላሽ ጄኔሬተር ያለው ላብራቶሪ ማን እንደሚያገኝልን እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ። ሌላ ተቃውሞ ካልመጣ አርብ ይጸድቃል።